እንጀራችን በእንግሊዝኛ፣ ኑሯችን በጃፓንኛ

ባለፈው ነሐሴ ለዕረፍት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሄጄ ነበር። ይህ እዚያ ለተሰበሰቡ ወላጆችና ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካክቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ከገባሁ ጀምሮ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ነው የቀረበልኝ። ወጣቶቹ «እስያ ሄዶ እንግሊዝኛ ማስተማር ያዋጣል ወይ?» ትላላችሁ። እናቶች ደግሞ «ልጆቹስ ምን ቋንቋ ነው የሚናገሩት?» ትሉኛላችሁ። ለእኔ የእናቶቹ ጥያቄ ይበልጣል። ዛሬም በአብዛኛው የማወራው ስለሱ ነው። ግን የወጣቶቹን ላስቀድም፣ አጭር ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ከአዲስ አበባ እዚህ የመጣሁት በ13 ዓመቴ ነው። ኮሌጅ ጨርሼ በ2012 ጃፓን ሄድኩ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። የሄድኩት ጄት በሚባለው የጃፓን መንግሥት ፕሮግራም ነው። በ1987 የተጀመረ ነው። ወጣቶችን ከውጭ እያስመጣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ረዳት የእንግሊዝኛ መምህር ያደርጋል። ዲግሪ ያስፈልጋል፤ የማስተማር ልምድ ግን ግድ አይደለም። ውሉ የ1 ዓመት ነው፤ እየታደሰ እስከ 5 ዓመት ይሄዳል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ይህን በር የከፈተልኝ ዕውቀቴ ብቻ አይደለም። ፓስፖርቴ ነው። ደቡብ ኮሪያ ለምሳሌ ለቋንቋ አስተማሪ የምትሰጠው የታወቀው ቪዛ በዋናነት ለ7 አገር ዜጎች ነው፦ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። አዲስ አበባ ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ የሚናገሩ፣ ከእኔ የተሻሉ መምህራን አሉ። ያ በር ለነሱ ዝግ ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይከብደኛል። እናንተ ግን ፓስፖርቱ በእጃችሁ ከሆነ የያዛችሁትን ዕድል ክብደት እወቁት።

ደመወዙ ቤተሰብ ያኖራል፤ ሀብታም አያደርግም። 5 ዓመቴን ስጨርስ አስተማሪ የሚያከራይ ድርጅት ውስጥ ገባሁ። ድርጅቱ ከከተማው ጋር ይዋዋልና እኛን ወደ ትምህርት ቤት ይልካል። ውሉ ከሚያዝያ እስከ መጋቢት ነው፤ የጃፓን የትምህርት ዓመት እንደዚያ ነው። ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ግማሽ ደመወዝ ነበር የሚከፍሉን። የመጀመሪያው ነሐሴ ልጃችን 1 ዓመት አልፏት ነበር። የቤት ኪራይ ግን በግማሽ አይከፈልም። ስለዚህ ቤተሰብ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ መጀመሪያ የምታነቡት የውሉን የነሐሴ አንቀጽ ይሁን። አሁን ከተማው ራሱ ቀጥሮኝ 3 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ እየዞርኩ አስተምራለሁ።

በቃ፣ የወጣቶቹ ይኸው ነው። ቀሪውን ሻይ ላይ።

የምንኖረው ናጋኦካ ነው። ከቶኪዮ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ኒጋታ የሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለ ከተማ ነው። በፈጣኑ ባቡር ከቶኪዮ 2 ሰዓት አይሞላም። አገሩ የሩዝ አገር ነው፣ የበረዶም አገር ነው። ክረምት ላይ በረዶው ከሰው ቁመት ያልፋል። መንገዱ መሀል ላይ ተርታውን ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ከከርሰ ምድር የተሳበ ውሃ ከነሱ እየፈለቀ በረዶውን ያቀልጠዋል። ውሃው ብረት ስላለበት ዓመት በዓመት አስፋልቱን እንደ ዝገት አቅልቶታል። ባለቤቴ በ2015 ከአዲስ አበባ ስትመጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለዚያ ቀለም ነው። «መንገዱ ለምንድን ነው የደማው?» አለችኝ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሥራ ወጥመድ አለው። ወጥመዱ ይህ ነው። የሚከፍሉህ ጃፓንኛ እንዳትናገር ነው። ክፍል ውስጥ ጃፓንኛ ከተናገርክ ልጆቹ ሰነፉ ይባላል። መምህራን ክፍል ስትገባ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚችሉት ባልደረቦች በእንግሊዝኛ ሊለማመዱብህ ይመጣሉ። ባንክ ሲሆን ጸሐፊዋ አብራህ ትሄዳለች። ቤት ሲሆን ተቆጣጣሪህ ይደውልልሃል። ሰው ሁሉ ደግ ነው። በዚያ ደግነት ውስጥ 5 ዓመት መሃይም ሆነህ ትኖራለህ። እኔ ኖሬያለሁ። ለብቻህ ከሆንክ ችግር የለውም። ልጅ ስትወልድ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ጃፓን ለሚወልድ ሰው መልካም አገር ናት፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ነፍሰ ጡር ስትሆኚ ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ትንሽ ደብተር ይሰጥሻል። የእናትና የልጅ ደብተር ነው የሚባለው። ምርመራው፣ ክትባቱ፣ የልጁ ክብደት፣ ሁሉም እሱ ላይ ይጻፋል። ለወሊድ መደጎሚያም ይሰጣሉ፤ ለትንሹ ልጃችን በ2020 ያገኘነው 420 ሺህ የን ነበር፣ ከ2023 ወዲህ 500 ሺህ ሆኗል። ለልጅ በየወሩ የሚታሰብ አበል አለ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች መዋያ ክፍያም ከ2019 ጀምሮ ቀርቷል። የውጭ ዜጋ ነህ ብሎ የሚነፍግህ የለም።

ግን ሁሉም ነገር የሚመጣው በወረቀት ነው። በጃፓንኛ ወረቀት።

ልጅህን መዋያ ስታስገባ ረንራኩቾ የሚባል ደብተር ትቀበላለህ። መገናኛ ደብተር እንደማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ወላጅ ይሞላዋል። ማታ በስንት ሰዓት ተኛች? በስንት ሰዓት ነቃች? የሰውነቷ ሙቀት ስንት ነው? እራት ምን በላች? ቁርስስ? ሰገራ ወጥታለች ወይ? ማን ይወስዳታል? ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተንከባካቢዋ የቀኑን ትጽፍበታለች። በየቀኑ ነው፣ ለዓመታት።

እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ደብተሩ ለባለቤቴ ቀረ። በዚያን ጊዜ አንድ ፊደል አታውቅም ነበር። ቁጥሮቹን ትሞላለች፣ የምግቡን ቦታ ባዶ ትተዋለች። አንድ ቀን ሥዕል ሣለችበት፦ ክብ እንጀራ፣ መሀሉ ላይ የምስር ወጥ። ተንከባካቢዋ ከሥዕሉ ሥር ቀስት አድርጋ ባዶ መስመር አሰመረችላት። «ስሙን ጻፊልኝ» ማለቷ ነው። ባለቤቴ በአማርኛ «ምስር ወጥ» ብላ ጻፈች። በማግስቱ ደብተሩ ሲመለስ ተንከባካቢዋ «ምስር ወጥ» የሚለውን በራሷ እጅ፣ በኛ ፊደል፣ ቀድታው ነበር። ሰው ሥዕል እንደሚስል ነው የቀዳችው፣ የ«ም» እግር ረዝሟል። ባለቤቴ ደብተሩን ይዛ አለቀሰች። ያን ገጽ እስከ ዛሬ አስቀምጠነዋል።

እንዲህም ሆኖ አልተማርንም። እኔ ሥራ በዝቶብኝ፣ እሷ ልጅ ይዛ። ዛሬ ነገ እያልን ዓመታት አለፉ። ልጃችን ግን አልጠበቀችንም። በ4 ዓመቷ ጃፓንኛዋ እንደ ጎረቤቶቻችን ልጆች ሆነ። ሱቅ ስንገባ እሷ ትናገራለች። የቆሻሻ ቀን ሲለወጥ ከድምፅ ማጉያው ሰምታ እሷ ትነግረናለች። ዘመድ ሲደውል «አስተርጓሚያችን» እያልን እናሞግሳታለን። እንኮራባት ነበር።

እባካችሁ ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እዚህም አገር፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ልጁን ያስተረጎመ ወላጅ ብዙ ነው። እኔም በ13 ዓመቴ ለእናቴ አስተርጉሜያለሁ። እናቴ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

በ2023 መጀመሪያ ነው። ክፉ ክረምት ነበር። ትንሹ 2 ዓመት አልፎታል፣ ትልቋ 6 ዓመቷ ነው። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል። ትንሹ ትኩሳት ያዘውና ባለቤቴ ሁለቱንም ይዛ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ልጄ ታስተረጉማለች። ትኩሳቱ መቼ ጀመረ? ትናንት። ይበላል? አይበላም። ከዚያ ሐኪሙ «ኬይሬን ነበረው? ስንት ደቂቃ?» አለ። ልጄ ዝም አለች።

ኬይሬን ማለት ትኩሳት ሲበረታ ሕፃን ልጅ የሚያንቀጠቅጠው ነገር ነው። ቃሉን ከነጭራሹ ሰምታው አታውቅም። የ6 ዓመት ልጅ ከየት ትሰማዋለች? ሐኪሙ ደገመላት። እናቷን አየች። ሐኪሙን አየች። ከዚያ በሁለቱም ቋንቋ «አላውቀውም» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ሐኪሙ በእጁ እያንቀጠቀጠ አሳይቶ ተግባቡ። እግዜር ይመስገን፣ ልጁም ዳነ።

ማታ ሳስተኛት ግን «አባዬ» አለችኝ። «ቃሉን ስላላወቅኩት ወንድሜ ባይድን ኖሮስ?»

አንጀቴ ተላወሰ። የኛን ሸክም ማን ላይ እንደጫንነው ያን ማታ ገባኝ።

እንግዲያው ወሰንን። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ልጃችን አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው። እሷ የምትማረውን እኛም ከሥር ከሥር እንማራለን አልን። የእሷን መጻሕፍት፣ የእሷን የቤት ሥራ። ባለቤቴ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን በጎ ፈቃደኞች የሚያስተምሩት የከተማው የቋንቋ ክፍል ገባች።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን አንድ ነገር በደስታ ነው የምነግራችሁ። ጃፓንኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ከሚፈራው በላይ ቅርብ ነው።

መጀመሪያ ፊደሉ። ሂራጋና የሚባለው መሠረታዊ ፊደል 46 ነው። አብዛኛው ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ የያዘ ነው። ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ። ይህ የኛ ፊደል ቤት አይደለም እንዴ? እኛ 7 ቤት፣ እነሱ 5። ልዩነቱ፣ የኛ «ከ» እና «ኪ» በመልክ እህትማማች ናቸው፤ የነሱ አይመሳሰሉም። ባለቤቴ ሀ ሁ ሂውን ከአዲስ አበባ ይዛ መጥታ ግድግዳ ላይ ሰቅላው ነበር። ጎኑ የጃፓኑን ሰቀልን። ሁለቱ ገበታዎች እስካሁን ምግብ ጠረጴዛችን አጠገብ አሉ።

ሁለተኛ ዓረፍተ ነገሩ። «ዋታሺ ዋ ኮሂ ኦ ኖሚማስ» ማለት «እኔ ቡና እጠጣለሁ» ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፣ እንደኛው። ያቺ «ኦ» የምትለዋ «ቡናውን» ላይ እንዳለችው «ን» ናት። አሜሪካዊ ባልደረቦቼ ዓረፍተ ነገሩን ገልብጠው ለማሰብ ዓመት ይፈጅባቸዋል። ባለቤቴ ምንም መገልበጥ አላስፈለጋትም።

ሦስተኛ ማጥበቅና ማላላት። እኛ «አለ» ስንል፣ ሲላላ «ተናገረ» ነው፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። ጃፓንኛም እንዲሁ ነው። «ኪቴ» ሲላላ «ና» ነው፣ ሲጠብቅ ቴምብር ነው። ብዙ የውጭ ሰው ይህን ልዩነት አይሰማውም። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን ሰማችው።

ክብሩም አለ። «አንተ»ና «እርስዎ»ን ለይቶ ላደገ ሰው የጃፓን የአክብሮት አነጋገር ከባድ ቢሆንም እንግዳ አይሆንበትም። ዕቃ በሁለት እጅ መስጠት፣ ለታላቅ ጎንበስ ማለት፣ ይህን ማንም አላስተማረንም።

ይህ ነገር ለሥራዬም ጠቀመኝ። የጃፓን ልጆች ለምን «ሚልክ»ን «ሚሩኩ» እንደሚሉ ድሮ አይገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ። ፊደላቸው ውስጥ ሳድስ የለም። ብቻዋን የምትቆም ተነባቢ «ን» ብቻ ናት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድምፅ አናባቢ ይጨምሩለታል። ክፍል ውስጥ እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ድምፁን እንዴት ባዶውን እንደማቆመው አሳያቸዋለሁ። «ሚልክ»፣ «ክ» ላይ ቁም። የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው፤ የማስተማሪያውን ዘዴ ግን ያገኘሁት ከሀ ሁ ነው።

ካንጂ የሚባለው የቻይና ፊደል ግን ሌላ ነው። እሱ ላይ አቋራጭ የለም። አንደኛ ክፍል 80፣ ሁለተኛ ክፍል 160፣ ሦስተኛ ክፍል 200። በ6 ዓመት 1,026። ልጄ አሁን ሦስተኛ ክፍል ናት። እራት ተበልቶ ጠረጴዛው ሲጸዳ ሦስታችንም መልመጃ ደብተር እናወጣለን። ግራጫ መስመር ላይ እየደገሙ መጻፍ ነው። ትንሹ በእርሳስ ይሞነጭራል።

ስለ እርማቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ አገር ራይት ማለት ልክ ነው። ጃፓን ውስጥ ልክ የሆነ መልስ ላይ የሚደረገው ክብ ነው። ራይት የሚመስለው ምልክት የተሳሳተው ላይ ነው። ልጄ የመጀመሪያ ፈተናዋን ስታመጣ ወረቀቱ በቀይ ክብ ተሞልቷል። ባለቤቴ ሁሉም ዜሮ መስሏት ደነገጠች። «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ተቆጣቻት። ልጅቷ ደስ ብሏት ሮጣ ነው የመጣችው፣ ሁሉንም አግኝታ። ያቺ ደቂቃ ባለቤቴን እስከ ዛሬ ታሳዝናታለች። በጣም ጥሩ ለሠራ ልጅ ደግሞ አስተማሪው ክቡ ዙሪያ የአበባ ቅጠል ይስልበታል። ሃናማሩ ይባላል። አሁን ማታ ማታ የእናቷን ደብተር የምታርመው ልጄ ናት። ባለቤቴ 10 ካንጂ ሳትሳሳት የጻፈች ዕለት አበባውን ሣለችላት።

ያ ትምህርት ለምን እንደጠቀመን ደግሞ ልንገራችሁ። ጥር 1 ቀን 2024፣ የፈረንጆች አዲስ ዓመት። ጃፓን ውስጥ ትልቁ በዓል ነው። ቤት ነን። ባለቤቴ ለገና አስባ ሽንኩርት ትከትፋለች። ከሰዓት በኋላ፣ ባሕሩን ተከትሎ ከኛ በስተምዕራብ ያለው ኖቶ የሚባለው ልሳነ ምድር በኃይለኛ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ። መጠኑ 7.6 ነበር። እዚያ ብዙ ሰው ሞቷል። እኛ ጋ ቤቱ እንደ ጀልባ ነው የተወዛወዘው። ልጄ ትምህርት ቤት እንደተለማመደችው ወንድሟን ስባ ጠረጴዛው ሥር ገባች። እኛን «ግቡ! ግቡ!» ትለናለች።

ቴሌቪዥኑ ላይ ጋዜጠኛዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጮሃለች። ስክሪኑ ላይ ደግሞ በትልልቁ አንድ ጽሑፍ ወጣ። በካንጂ አልነበረም። ሕፃንም የውጭ ሰውም እንዲያነበው በሂራጋና ነው የተጻፈው። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ሥር ሆና ጮክ ብላ አነበበችው። «ሱናሚ! ሽሹ!» ከልጇ ቀድማ ነው ያነበበችው። የኛ ቤት ከባሕር ራቅ ስለሚል ማስጠንቀቂያው የባሕር ዳሩን ሰው ነበር የሚመለከተው። ግን እኔ የዚያን ቀን ያየሁትን አልረሳም። ሕፃኗ ልጅ እናቷ ስታነብ ሰማች፣ እናቷ ጉያ ውስጥ ገባች፣ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ለኛ አስተርጉማ አታውቅም። አልጠየቅናትምም።

አሁን ወደ እናቶች ጥያቄ። እንግሊዝኛስ?

ብዙ ሰው ይገርመዋል። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ እንግሊዝኛ አስተምሬ እመጣለሁ፤ የራሴ ልጆች እንግሊዝኛ ደካማ ናቸው። ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ ነው የምናወራው። «እንጀራህ የሆነውን ቋንቋ ለልጅህ ነፍገህ?» ያለኝ ወዳጅ አለ። ተቆጥቶ ነው ያለኝ፣ ለኔ አስቦ።

መልሴ ይህ ነው። እንግሊዝኛ ባለቤት አያጣም። ጃፓን ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል በዓመት 35 ክፍለ ጊዜ ይሰጣል። ከ2020 ጀምሮ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ በዓመት 70 ክፍለ ጊዜ ነው። ዓለም በሙሉ ሊያስተምራቸው ተሰልፎ ቆሟል። ጃፓንኛም ከተማው ሁሉ ያስተምራቸዋል። አማርኛ ግን ናጋኦካ ውስጥ የኛ ቤት ከዘጋው ሌላ የሚከፍተው የለም። በፍጥነት ነው የሚጠፋው። ልጄ መዋያ ከገባች በኋላ መጀመሪያ የሄዱት «ጠ» እና «ቀ» ናቸው። «ጠጣሁ» ትል የነበረችው «ተታሁ» ማለት ጀመረች። «ቁጭ በል» የሚለውን ወንድሟ ከእሷ ሰምቶ «ኩች በል» አለ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። አሁን በየሳምንቱ እሁድ ጠዋት ከእናቴ ጋር ያወራሉ፣ እዚህ ቅዳሜ ማታ ሲሆን ማለት ነው። እናቴ ተረት ትነግራቸዋለች። «ጠ»ን መልሳ ያስተማረቻቸው እሷ ናት፣ በስልክ፣ «ጥንቸል ጥጥ ጠቀጠቀች» እያስባለች።

እማዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ይህ ሁሉ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። አንደኛ ክፍል እያለች አንድ ቀን እናቷን «ጓደኞቼ ፊት አማርኛ አታውሪኝ» አለቻት። ጸጉሯን እየነኩ ያስቸግሯት ነበር። እሷ ደግሞ እንዲወርድላት፣ ቀጥ እንዲልላት ትፈልጋለች። ቆዳዋን በሳሙና የምትፈትግበት ሳምንትም ነበር። ይህን ስናገር አሁንም ጉሮሮዬን ይይዘኛል። አስተማሪዋን አነጋገርናት። ጥሩ ሰው ናት፣ ክፍሉን አነጋገረች። ከዚያ በዓመት ሁለት ሦስቴ ቶኪዮ ይዘናት መሄድ ጀመርን። ካትሱሺካ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ፣ ዮትሱጊ የምትባል ሰፈር። የኛ ሰዎች የሚበዙባት ናት። መጀመሪያ የሄድን ዕለት አንዲት ሹሩባ የተሠራች ጃፓንኛ የምታንበለብል ልጅ አገኘች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀሩ። ጸጉሯንም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሹሩባ ነው የምትሠራው።

ደግሞ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉን። ከ80 ዓመት በላይ ናቸው። በረዶ ሲጥል የኛንም ደጅ አብረው ይጠርጋሉ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን የነገርኳቸው ቀን አካፋቸውን አቁመው «አበበ!» አሉ። በ1964 ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ በቴሌቪዥን አይተውታል። ማራቶኑን ጨርሶ፣ ሌሎቹ ሳይደርሱ፣ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ። በረዶ ላይ ቆመው እንዴት እንዳፍታታ አሳዩኝ። ልጆቼን ሲያዩ እስካሁን የሚጠሯቸው «የአበበ ልጆች» እያሉ ነው።

ስለ ምግብ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ጤፍ አናገኝም። ኒጋታ የሩዝ ዱቄት ሞልቷል፤ ባለቤቴ ከስንዴ ጋር እያቦካች ትጋግራለች፣ ዓይን ያወጣል። ጾም ሲሆን ለትምህርት ቤት በጽሑፍ እንነግራለን፤ ምሳ ከቤት ይዛ ትሄዳለች። በጃፓንኛ የምትጽፈው ባለቤቴ ናት።

አንድ ጠዋት ልንገራችሁና ላብቃ። ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በአብዛኛው በእግራቸው ነው። የሰፈሩ ልጆች ተሰልፈው፣ ስድስተኛ ክፍሉ ከፊት ሆኖ። ወላጆች ደግሞ ተራ አላቸው። ቢጫ ባንዲራ ይዘው ማቋረጫው ላይ ቆመው መኪና ያቆማሉ። ባለፈው የካቲት የባለቤቴ ተራ ደረሰ። ሌሊቱን ሲጥል ያደረ በረዶ አለ፤ ከመንገዱ ቀዳዳ ውሃው ይፈልቃል፣ ቦት ጫማዋ ርሷል። እኔ መኪናዬን እየጠረግሁ አያታለሁ።

ጃፓኖች ከቤት ሲወጡ «ኢቴኪማስ» ይላሉ። ቃል በቃል «ሄጄ እመጣለሁ» ነው። የሚቀረው ሰው «ኢቴራሻይ» ይላል፣ «ሄደህ ና»። ባለቤቴ ባንዲራዋን ዘርግታ መኪናዎቹን አቆመች። ልጆቹ ቢጫ ኮፍያቸውን አድርገው እየተከታተሉ አለፉ። «ኢቴኪማስ!» «ኢቴራሻይ!» «ኢቴኪማስ!» «ኢቴራሻይ!» ለሁሉም ትመልሳለች። የኛዋ ከኋላ ነበረች። አጠገቧ ሁለት ጓደኞቿ አሉ። እናቷ ጋ ስትደርስ ቆም አለች፣ ኮፍያዋን ቀና አደረገች።

«መጣሁ፣ እማዬ» አለች። ጮክ ብላ፣ በአማርኛ፣ «ጣ»ዋን ረግጣ።